አንድ ስልክ፣ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ፦ የሠራልኝና የተውኩት

ክፍል ውስጥ ቴክኖሎጂ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ለእያንዳንዱ ልጅ ታብሌት ሲታደል ነው። የእኔ ክፍል እንደዛ አይደለም። ያለኝ የራሴ ስልክ፣ አንድ ፕሮጀክተርና ዕድሜ የጠገበ ላፕቶፕ ነው። የማስተምረው አንደኛ ደረጃ ነው፤ ሒሳብና ንባብ። በእነዚህ ስሠራ ቆይቼ የደረስኩበት ነገር፣ ስክሪኑ ልጆቹ እጅ ላይ መሆን አለመሆኑ ያን ያህል ለውጥ እንደሌለው ነው። የሚጠቅመኝ ልጁ ውስጥ ውስጡን ምን እያሰበ እንደሆነ የሚያሳየኝ መሣሪያ ነው። ያንን ካላሳየኝ ጠመኔ ይበቃኛል።

ከካርዶቹ ልጀምር። ፕሊከርስ የሚባል አፕ አለ። ስልክ የሚይዘው መምህሩ ብቻ ነው፤ ልጆቹ የሚይዙት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ ኪውአር ኮድ የሚመስል ጥቁርና ነጭ ምስል አለ፣ የአንዱ ከሌላው ይለያል። በአራቱ ጎኖቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ በደቃቁ ተጽፈዋል። ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ ልጁ የመረጠውን ፊደል ወደ ላይ አዙሮ ካርዱን ያነሳል፣ እኔ የስልኬን ካሜራ በክፍሉ ላይ አዞራለሁ። ማን ምን እንደመለሰ ስልኬ ላይ ይመጣል። በቃ። ካርዶቹን በነጻ አውርዶ ማተም ይቻላል፤ መደበኛው 40 ነው፣ ልጅ ለሚበዛበት ክፍል ደግሞ 63 ያለው አለ።

«እጅ አውጡ» ስል የሚያወጡት ሁሌም እነዛው ልጆች ናቸው። «የተስማማችሁ?» ስል ደግሞ ግማሹ ጎበዙን ልጅ አይቶ ነው እጁን የሚያወጣው። በካርድ ግን የጎረቤቱን ቢሰርቅም ምንም አይጠቅመውም፣ ምክንያቱም ምስሉ የተለያየ ስለሆነ የትኛው ፊደል ወደ ላይ እንደዞረ ከሩቅ አይታወቅም። ዓይን አፋሩም፣ ኋላ የሚቀመጠውም፣ ሁሉም ይመልሳል።

ዋናው ሥራ ያለው ግን ጥያቄው ላይ ነው። ለምሳሌ 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው? ምርጫዎቹን 2/5፣ 5/6፣ 2/6 እና 1/6 አደረግኳቸው። ዝም ብዬ የጻፍኳቸው አይደሉም። 2/5 ያለ ልጅ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሯል። 2/6 ያለው የጋራ ታህት ማግኘት ችሏል፣ ላዕሉን መቀየር ግን ረስቷል። 1/6 ያለው አባዝቷል። ሦስቱም ተሳስተዋል፣ ግን ሦስቱ የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ፈጽሞ አይገናኝም። ደብተር ሳርም ይሄን አየዋለሁ፣ ግን የማየው ማታ ነው፤ በማግስቱ ደግሞ ልጁ ምን አስቦ እንደጻፈው ራሱም አያስታውስም። እዚህ ግን ትምህርቱ ሳያልቅ ነው የማውቀው።

መልሱ ሲመጣ ወዲያው ትክክለኛውን አልናገርም። ክፍሉ በመልስ ከተከፋፈለ «ከጎንህ ያለውን አሳምነው» እላለሁ፣ ትንሽ ይጨቃጨቃሉ፣ ከዛ ካርድ ድጋሚ ይነሳል። ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የሃርቫርድ የፊዚክስ መምህሩ ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ጋር የሠራበት ዘዴ ነው፤ ለትንንሽ ልጆችም ይሆናል። ልጅ ለልጅ ሲያስረዳ እኔ የማላስበውን ቃል ይጠቀማል። አንዷ ጓደኛዋን «ግማሹን ብቻውን ብትወስድ እንኳን ከ2/5 ይበልጣል እኮ፣ እንዴት ጨምረህበት ያንሳል?» ስትለው ሰምቼ ከዛ ወዲህ እኔም እንደዛው ነው የማስረዳው።

ካርዶቹን ለሚሞክር ጥቂት ነገር ልበል። ወፍራም ወረቀት ላይ አትሙት። የሚያብረቀርቅ ላስቲክ አታልብሱት፣ መብራት ሲያርፍበት ካሜራው አያነበውም። ልጆቹ ጣታቸው ምስሉን እንዳይሸፍነው ጠርዙን መያዝ አለባቸው፣ ይሄን ደግሞ ደጋግሞ መናገር ነው፣ ሌላ መላ የለውም። የካርዱ ቁጥር ከተራ ቁጥራቸው ጋር አንድ ቢሆን ከብዙ ጣጣ ትገላገላላችሁ።

ሁለተኛው የስልኩ ድምፅ መቅጃ ነው፣ የትኛውም ስልክ ላይ ያለው ተራው። ለንባብ ከሱ የተሻለ አላገኘሁም። ልጁ አጭር ምንባብ ለአንድ ደቂቃ ያነባል፣ እቀዳዋለሁ፣ ከዛ ምንባቡን በጣቱ እየተከተለ የራሱን ድምፅ ያዳምጣል። እኔ አራት ነጥብ ላይ አረፍ በል ብዬ የለፈለፍኩት ሁሉ የማይገባው ልጅ፣ ራሱን ሲሰማ «ቲቸር፣ ሁለቱን ዓረፍተ ነገር አንድ ላይ ጨፈለቅኳቸው!» ይላል። እኔ ምንም ሳልል። ከዛ ያንኑ ምንባብ ደግሞ ያነባል፣ እንደገና እንቀዳለን። አንድን ምንባብ ደጋግሞ ማንበብ ቅልጥፍናን እንደሚጨምር ጄይ ሳሙኤልስ የተባለ ተመራማሪ በ1979 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል፤ መቅጃው የጨመረልኝ ልጁ ለውጡን በጆሮው መስማቱን ነው። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አስከትዬ ሳሰማቸው ፊታቸው ሲበራ ማየት ነው።

ሁሉንም በአንድ ቀን ልቅዳ ካላችሁ ግን አይሞከርም። ሌላው የጽሑፍ ሥራ ሲሠራ ጥቂት ጥቂት ልጆች ጥግ ላይ እጠራለሁ፣ ተራው በሳምንቱ ውስጥ ይደርሳል። ፋይሉን የምሰይመው በተራ ቁጥር እንጂ በስም አይደለም። ወላጆችን አስቀድሜ አስፈቅዳለሁ፣ የትም አልልከውም፣ ተርሙ ሲያልቅ አጠፋዋለሁ። የልጅ ድምፅ የልጁ ነው። ቦታም አይበላም፤ በተለመደው የኤምፒ3 ጥራት የአንድ ደቂቃ ድምፅ አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው።

ላፕቶፑ ላይ ያለው ጂኮምፕሪ የሚባል የልጆች ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ከመቶ በላይ ትምህርታዊ ጨዋታዎች አሉት፣ ማስታወቂያ የሚባል ነገር የለውም። ለአንድ ላፕቶፕ ብዙ ልጅ ሲሆን ምን ይደረጋል? ሁለት ሁለት ይቀመጣሉ። ሕጉ አንድ ነው፦ ማውዝ የያዘው አይወስንም፣ የሚወስነው ያልያዘው ነው፣ ያውም በአፉ ተናግሮ። ሰዓት ቆጣሪው ሲጮህ ይቀያየራሉ። ዝም ብሎ ጠቅ ጠቅ ማድረግ በዚህ ቀረ፣ ምክንያቱም ጠቅ ከማድረግ በፊት አንዱ «መጀመሪያ ትልቁን እናንሳ» ብሎ መናገር አለበት።

የተውኩት ደግሞ አለ። ቶሎ ለመለሰ ብዙ ነጥብ የሚሰጡ የውድድር ጨዋታዎችን ለትምህርት አልጠቀምም። ክፍሉ በደስታ ይጮሃል፣ እውነት ነው፤ ግን ረጋ ብሎ የሚያስብ ልጅ ሁሌ መጨረሻ ይወጣና ቀስ በቀስ መሞከሩን ያቆማል። ለመዝናኛ ዓርብ ከሰዓት ይሆናሉ። ረጅም ቪዲዮም ትቻለሁ። ሦስት ደቂቃ አሳይቼ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብዬ ማቆም ይሻለኛል፤ ሃያ ደቂቃ ዝም ብሎ የሚያይ ልጅ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው፣ ሐሳቡ ግን የት እንዳለ እንጃ።

መሣሪያው እንቢ ሲልስ? ሁለት ደቂቃ እሰጠዋለሁ። ከዛ በላይ ስልክ እየነካካሁ ልጆቹን አላስጠብቅም፣ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፌ መልሳቸውን በጣት ቁጥር ደረታቸው ላይ ያሳዩኛል። ያው ነው ማለት ይቻላል፣ መዝገብ ብቻ ነው የሚቀርብኝ።

አሁን ደግሞ ጥያቄዎቹን ራሳቸው ልጆቹ እንዲያወጡ ጀምሬያለሁ። ትክክለኛውን መልስ መጻፍ ቀላል ነው፤ ከባዱ ሰው የሚወድቅበትን ስህተት ማሰብ ነው። ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ «ይሄን ማን ይመርጣል? ለምን?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዱ ለ7 ሲባዛ 8 ካወጣቸው ምርጫዎች መሀል 54ን አስገባ። ለምን ስለው «ከ6 ሲባዛ 9 ጋር ያምታቱታል ቲቸር» አለኝ። ካርድ ስናነሳ ክፍሉ ውስጥ ቀላል የማይባል ልጅ 54 ላይ ወደቀ፤ የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ ያስተማርኩት እሱ ላይ ነው።