የነጋድራስ ገብረ ሕይወትን መጽሐፍ ለማንበብ ደብዳቤ ተጠየቅሁ

ከጉምሩክ አስተላላፊነት ሥራ ወጥቼ ኢኮኖሚክስ እንድማር ያደረገኝ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። መጽሐፉ የታተመው ደራሲው በወጣትነታቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። በድሬዳዋ ስሠራ፣ እሳቸውም በዚያው ከተማ ነጋድራስ፣ ማለትም የንግድና የጉምሩክ ሹም፣ ሆነው እንደነበር አንድ ባልደረባዬ ባይነግረኝ ኖሮ ስማቸውን አልፈልግም ነበር። ሥራ መልቀቁም፣ ለማታ ትምህርት መመዝገቡም፣ ቤተሰብ ማሳመኑም በኋላ ያለ ብዙ ችግር አለፈ።

መጽሐፉን የማግኘቱ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሥራዎቻቸው እንደ አሁኑ በአንድ ጥራዝ ተሰብስበው ስላልታተሙ፣ አሮጌው ቅጂ ወዳለበት ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ። ኃላፊው የመጽሐፉን ርእስ እንኳ ሳይሰሙ ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። በግሌ እንደሆነ ስነግራቸው «የትብብር ደብዳቤ ያምጡ» አሉ። አሠሪዬ ጉዳዩ ከድርጅቱ ሥራ ጋር አይገናኝም ብሎ አልጽፍም አለ፤ ቀበሌው የነዋሪነት ማረጋገጫ እንጂ የንባብ ደብዳቤ አይሰጥም አለ፤ አንድ መምህር አዝነው ያጻፉልኝን ደብዳቤ ይዤ ስመለስ ደግሞ ማኅተሙ ፊርማው ላይ አላረፈም ተብሎ ተመለሰብኝ። የሀገራችን ድህነት ሥሩ የእውቀት እጦት መሆኑን ለማስረዳት የተጻፈን መጽሐፍ፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ቤት በማኅተም አቀማመጥ ምክንያት ለአንባቢ መከልከሉን ዛሬም ይቅር አላልሁም። ደብዳቤው እንደገና ተጽፎ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ነው የተፈቀደልኝ፤ ያውም ፎቶ ማንሣት ክልክል ስለነበር የምፈልገውን በእጄ ገለበጥሁ።

ልቤን የያዘው ስለ ንግድ የጻፉት ነው። እውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ሰዎች ድካም የሠራውን ዕቃ እውቀት በሌለው ሕዝብ የብዙ ሰዎች ድካም ይለውጠዋል፤ ልውውጡም በሰፋ ቁጥር ደካማው ለብርቱው ተገዢ እየሆነ ይሄዳል ይላሉ። እኔ በየቀኑ በማዘጋጀው ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ በሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) ላይ ጥሬ ቡና በጆንያ ሲወጣ፣ ያለቀለት ዕቃ በኮንቴይነር ሲገባ ክብደቱንና ዋጋውን እጽፍ ነበር። የሁለቱ ዋጋ ለምን እንደዚያ እንደሚራራቅ ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም። ደመወዜ ቀነሰ፤ ዛሬ የንግድ ታሪክ አስተምራለሁ፤ በምርጫዬም እኮራለሁ።

መምህራን ከመጽሐፉ አስቀድማችሁ ሌሎች ስለ እሱ የጻፉትን ትንታኔ አንብቡ ይላሉ። እኔ አልስማማም። ትንታኔው ብዙ ጊዜ ነጋድራስን ከእሳቸው በኋላ በላቲን አሜሪካ ከተነሡት፣ የድሃ ሀገሮች ድህነት ከባለጸጎቹ ጋር ካላቸው ያልተመጣጠነ ግንኙነት ይመጣል ከሚሉት የጥገኝነት ንድፈ ሐሳብ ጸሐፊዎች ጋር ያነጻጽራቸዋል፤ ያንን ቀድሞ ያነበበ ሰው በእያንዳንዱ ገጽ የሚፈልገው እነዚያን ነው፤ ወታደሩ በገበሬው ጫንቃ ላይ ስለ መኖሩና ስለ ጉምሩክ ሥርዓት የጻፉት፣ የገዛ ሀገራቸው ጭንቀት፣ ያመልጠዋል። በአስመራ የታተመው አጭሩ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ደግሞ ይቆይ፤ በዚያ ለመንግሥት ያቀረቧቸው የማሻሻያ ሐሳቦች መነሻቸው የሚገባችሁ ትልቁን መጽሐፍ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው።