አንድ ኮሎኒ አይበቃም

ዛሬም ሐሳቤ በቤተስዳ ሆስፒታል የተሰራጨው ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሜሪላንድ ውስጥ ቤተስዳ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሆስፒታል፣ ካርባፔኔም የተባለው ጠንካራ አንቲባዮቲክ የማይበግረው ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ 18 ታማሚዎች ላይ ተገኘ። 11ዱ አረፉ፤ 6ቱን የገደለው ኢንፌክሽኑ ራሱ ነው ተባለ። የመጀመሪያዋ ታማሚ ሰኔ ገብታ ሐምሌ ወጣች፤ ሁለተኛው ታማሚ የተገኘው እሷ ከወጣች ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ይህን ክፍተት ያየ ሰው «ይሄ ሌላ ነው» ቢል አይፈረድበትም። የባክቴሪያው ሙሉ ዲኤንኤ ሲነበብ ግን ያው ሆኖ ተገኘ፤ ከ6 ሚሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደል ውስጥ ልዩነት የታየው 41 ቦታ ላይ ብቻ ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ከመጀመሪያዋ ታማሚ ናሙና የተወሰደው ከአንድ ቦታ አልነበረም። የጉሮሮዋ ባክቴሪያ ከሳንባዋና ከብሽሽቷ በጥቂት ፊደላት ይለያል። በዚያች ልዩነት ነው ባክቴሪያው ከእሷ በተለያየ ጊዜ ወደ ሌሎች እንደወጣ፣ ታማሚዎቹ የተገኙበት ተራም የተላለፈበት ተራ እንዳልሆነ የታወቀው። አንድ ኮሎኒ (ማብቀያ ሳህን ላይ ከአንድ ባክቴሪያ የበቀለ ነጠብጣብ) ብቻ ለቅመው ቢሆን ይህ ሁሉ አይታይም ነበር።

ስለዚህ ከአንድ ናሙና ሦስት አራት ኮሎኒ፣ ቢቻል ከተለያየ የሰውነት ክፍል። እያንዳንዱን በየራሱ ሳህን ላይ አጥርቶ ማብቀል፣ ከዚያ ከሳህን ሳህን ደጋግሞ ሳያዛውሩ በግሊሰሮል ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ማስቀመጥ። አንቲባዮቲክ በሌለበት ሳህን ደጋግሞ ያዛወረ ሰው የመድኃኒት መላመዱን የተሸከመውን ፕላዝሚድ (ከዋናው የተለየ ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት) ሊያጣው ይችላል፤ ከዚያ «ጂኑ የለም» ብሎ ይጽፋል።

አንዳንዱ ክሌብሲየላ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፤ ሉፑን (ባክቴሪያ ማንሻ ቀለበቱን) ሲያነሱት ክር ይስባል። ዲኤንኤ ማውጫ ላይ ያንን ሉፕ ሙሉ መጨመር ኮለኑን (የማጣሪያ ቱቦውን) ይደፍነዋል፤ ከአንድ ማይክሮሊትር ሉፕ አይለፍ። የወጣውን ዲኤንኤ መጠንም ናኖድሮፕ በተባለው መለኪያ ብቻ አላምነውም፤ አርኤንኤውን ጭምር ቆጥሮ ያሳብጠዋል። ዲኤንኤውን ለይቶ የሚለካው ኪዩቢት ይሻላል።

የተነበበው የዲኤንኤ ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ 5.5 ሚሊዮን ፊደል ገደማ መሆን ሲገባው 9 ወይም 10 ሚሊዮን ከመጣ፣ ሁለት ባክቴሪያ ተደባልቋል ማለት ነው። በኮምፒውተር ለማጽዳት መታገል ድካም ነው፤ ወደ ሳህኑ መመለስ።

አጭር ንባብ (ዲኤንኤን በትንንሽ ቁራጭ ማንበብ) ደግሞ ካርባፔኔምን የሚያከሽፈው የኬፒሲ ጂን የትኛው ፕላዝሚድ ላይ እንዳለ አይነግርም፤ ዙሪያው በተደጋጋሚ ቅደም ተከተሎች ስለተሞላ እዚያ ላይ ይቆራረጣል። ፕላዝሚዱ ከክሌብሲየላ ወደ ሌላ ባክቴሪያ፣ ወደ ኢ.ኮላይ፣ ከዘለለ የፊደል ልዩነት ቆጠራ «ዝምድና የላቸውም» ይላል፤ እውነቱንም ነው፣ የተጓዘው ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ረጅም ንባብ፣ ለምሳሌ ናኖፖር፣ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚብሰው የመዝገብ ጉድለት ነው። ታማሚው የትኛው አልጋ ላይ ከመቼ እስከ መቼ እንደተኛ ካልተጻፈ፣ ከፊደል ልዩነቱ የሚሠራው የዝምድና ዛፍ ማን ከማን እንደወሰደ አይናገርም። ቤተስዳ ውስጥ ባክቴሪያው ከታጠበ ቬንቲሌተር ላይና ከእጅ መታጠቢያ ማፍሰሻ ውስጥ ተገኝቷል፤ ማፍሰሻም እንደ አልጋው ቁጥር ይኑረው።