ስምንተኛ ሳምንት ከስትራይፐር ጋር፦ ሁለት ጊታር፣ አንድ ዜማ

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ባለፈው አንድ የሄቪ ሜታል አልበም ከዳር እስከ ዳር በጊታር ልወጣው እንደሆነ ነግሬያችሁ ነበር። ይኸው ስምንት ሳምንት ሆነኝ። ማታ ከሥራ መልስ አንድ አንድ ሰዓት፣ ቅዳሜ ደግሞ ከተመቸኝ ሦስት ሰዓት እቀመጣለሁ።

ለማታውቁት፣ ስትራይፐር ከካሊፎርኒያ ኦሬንጅ ካውንቲ የወጣ የክርስቲያን ሜታል ባንድ ነው። ማይክል ስዊት ይዘፍናል፣ ጊታርም ይጫወታል። ወንድሙ ሮበርት ድራም ላይ ነው። ሌላው ጊታሪስት ኦዝ ፎክስ ነው። እኔ የያዝኩት በፈረንጆቹ 1986 ያወጡትን «ቱ ሄል ዊዝ ዘ ዴቪል» ነው። ርዕሱ መጀመሪያ ሲሰሙት ይከብዳል፣ ግን በኛ አፍ «ሰይጣን ገደል ይግባ» ማለት ነው፣ በቃ። አሜሪካ ውስጥ ፕላቲነም ሆኗል፤ ሚሊዮን ቅጂ ማለት ነው። «ኦነስትሊ» የሚለው ለስለስ ያለ ዘፈናቸው ደግሞ ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ 23ኛ ደርሷል። ኮንሰርት ላይ አዲስ ኪዳን ወደ ሕዝቡ ይወረውሩ ነበር፣ ይሄን ሳስብ አሁንም ልቤ ይሞቃል።

ሪፎቹ፣ እየተደጋገሙ የሚመጡት አጫጭር የጊታር ሐረጎች ማለቴ ነው፣ ብዙም አላስቸገሩኝም። የቀኝ መዳፌን ጠርዝ ብሪጁ (ክሮቹ ታች የሚያርፉበት) አጠገብ አሳርፌ ክሩን አፈን ማድረግ ነው፤ ምት የሚቆጥርልኝን ሜትሮኖም ቀስ አድርጌ ጀምሬ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ።

ፈተናው ሶሎ ላይ ሁለቱ ጊታሮች አንድ ዜማ ይዘው፣ አንዱ ከሌላው ከፍ ብሎ፣ ጎን ለጎን ሲወጡ ነው። አንደኛውን ድምፅ ስልኬ ላይ ቀዳሁና ሁለተኛውን በላዩ ልጫወት ሞከርኩ። አልገጥም አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጊታሩ ከቅኝት የወጣ እየመሰለኝ ክር ስጠብቅ ስፈታ ከረምኩ። ለካ ጥፋቱ ሌላ ነው፦ ሁለተኛውን ድምፅ ሁልጊዜ አራት ፍሬት (የጊታሩ አንገት በብረት የተከፋፈለበት ደረጃ) ከፍ እያደረግኩ ነበር። ከዶ እስከ ሚ አራት ፍሬት ነው፣ ልክ ነው፤ ከሬ እስከ ፋ ግን ሦስት ብቻ ነው። ርቀቱ እንደ ስኬሉ ይቀያየራል። ጆሮዬ ያደገው በትዝታ ቅኝት ነው፣ ትዝታ ሜጀር ላይ ደግሞ ፋም ሲም የለም፣ ስለዚህ ጣቴ እነሱን እየዘለለ ያልፋል። ስኬሉን ከአፌ ጋር፣ ዶ ሬ ሚ እያልኩ፣ ሁለቱንም ድምፅ በየተራ እየዘመርኩ ስለማመድ ነው የተከፈተልኝ። እናንተም ከመጫወታችሁ በፊት ዘምሩት፣ በጣም ይረዳል።

አንድ ማታ እማዬ በሩን ገፋ አድርጋ ገባችና «ልጄ፣ ይሄ መዝሙር ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። የባንዱ ስም ከኢሳይያስ 53፥5 የመጣ መሆኑን ስነግራት ጥቅሱን ራሷ ጨረሰችው፦ «በእርሱም ቁስል እኛ ተፈወስን»። እንግሊዝኛው ቁስል ሳይሆን «ስትራይፕስ»፣ የጅራፍ ምልክት እንደሚል፣ ቃሉ ልብስ ላይ ያለ መስመርንም እንደሚጠራ፣ የባንዱ ልጆችም ለዚህ ብለው ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው ልብስ እንደሚለብሱ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እንግዲያ ሰንበር ነዋ» አለች። ልብሱን ስንቴ አይቼዋለሁ፣ እንደዚያ ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

ሜታል ድሮ የቁጣ ሙዚቃ ብቻ ይመስለኝ ነበር። «ኮሊንግ ኦን ዩ» የሚለው የአልበሙ ዘፈን አዝማቹ ላይ ሲደርስ ግን፣ ድራሙ እንደዚያ እየደበደበ፣ ድምፆቹ ተደራርበው ወደ ላይ ሲወጡ፣ ያለው ደስታ ነው። ከባድ ቀን ውዬ ስመጣ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው።

አሁን የት ደረስኩ? «ኮሊንግ ኦን ዩ»ን ከነአዝማቹ ሳላቋርጥ እጫወታለሁ። «ፍሪ» ላይ ሪፉ አልቋል፣ ሶሎው ግማሽ ላይ ነው። ቅዳሜ ከመዘምራን ጓደኛዬ ጋር ተቀምጠን እሱ የታችኛውን ድምፅ እኔ የላይኛውን ይዘን ስምንት ባር ያህል አብረን ወጣን፣ ሁለታችንም ሳንነጋገር መልሰን ጀመርነው። ቀጣዩ «ዘ ዌይ» ነው። ሶሎውን የሞከራችሁ ካላችሁ የግራ እጃችሁን አቀማመጥ ጻፉልኝ፣ ትንሿ ጣቴ አልደርስ እያለችኝ ነው።