ሳልረጭ ያበቀልኩት ጎመን

አዲስ አበባ መሃል ያለ ዩሪያና ያለ ፀረ ተባይ አትክልት ማብቀል ይቻላል። ሥራው እንደሚፈራው አይደለም፤ እጅን ሰብስቦ መጠበቁ ነው የሚከብደው።

ጓሮዬ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወረድ ካሉት ጠባብ ግቢዎች በአንዱ ውስጥ ነው። በቆርቆሮው አጥርና በኩሽናው ግድግዳ መካከል የተረፈች መሬት ናት፤ ሁለት አልጋ ቢዘረጋባት ትሞላለች። አፈሩ ቀይ ነው፤ የጡብ ስባሪና የሲሚንቶ ትራፊ ሞልቶበት ነበር። ስባሪውን ለቀምኩ እንጂ መሬቱን አልቆፈርኩም። ቁፋሮ የትሎቹን መተላለፊያ ያፈርሳል፣ ተቀብሮ የኖረውን የአረም ዘርም ወደ ብርሃን ያወጣዋል። በቁፋሮው ፈንታ ካርቶን አነጠፍኩ፣ በደንብ አጠጣሁት፣ ላዩ ላይ ኮምፖስት ጨመርኩ፣ ከዚያ ጭድ ጎዘጎዝኩበት። የካርቶኑን ፕላስተርና ፕላስቲክ ቀድሞ መላጥ ነው።

የኮምፖስቱ ዕቃ በሙሉ የተገኘው እዚያው ሰፈር ነው። ቡና ቤቶች የማኪያቶ ማሽኑን አተላ በየቀኑ ይደፋሉ፤ ባዶ ማዳበሪያ ይዞ ለሚመጣ ሰው ግልግል ብለው ነው የሚሰጡት። እንጨት ቤቱ ሰጋቱራ አለው። ወተት የሚሸጡልን እማማ አዛባውን በነፃ ይሰጡኛል። አትክልት ተራ ፒያሳ በነበረበት ጊዜ ጀምሬው ቢሆን ደግሞ የጎመን ቅጠል አይቸግረኝም ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ተነሳ።

ሰጋቱራ ብቻውን ዓመት ቢቀመጥ አይበሰብስም፣ አዛባ ብቻውን ይሸታል። ደረቁን ከእርጥቡ አብዝቶ ማደራረብ ነው። ጭብጥ አድርገው ሲጨምቁት ጠብታ ያህል ውሃ ከወጣው እርጥበቱ በቂ ነው። ክምሩ በየጎኑ አንድ ሜትር ገደማ ከሆነ መሃሉ በደንብ ይግላል፤ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አብዛኛው የአረም ዘር ይሞታል።

እማማ ክምሩን አይተው «አንተ ልጅ፣ አይጥ ልታስገባብን ነው እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የጋራ ግቢ ውስጥ ከማንኛውም ተባይ በፊት ጓሮህን የሚያዘጋው ሽታና አይጥ ነው። አጥንት፣ ወጥና ዘይት የነካው ነገር አይገባም። የእንጀራ ትራፊ ካለ መሃል ላይ ይቀበራል፣ በሰጋቱራ ይሸፈናል።

አሁን ወደ ጎመኑ። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐዩ ሲጠና ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ተባይ ወረደበት። ቅጠሉን ስገለብጠው ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ግን እግር አላት። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጋሼ «ማላታይን ግዛና ተገላገል» ብለው መከሩኝ። ለደግ ነው፤ እሳቸውም የሚያደርጉት እሱኑ ነው። እኔ ፀረ ተባዩን አልገዛሁም። ጠዋት ጠዋት ቅጠል እየገለበጥኩ ማየት ያዝኩ።

መጀመሪያ ጉንዳን ብቻ ነበር። ቀጥሎ ቀይ ጀርባቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው ትንንሽ ጢንዚዛዎች መጡ። ልጆቻቸው ግን ወላጆቻቸውን በጭራሽ አይመስሉም፤ ጥቁር ሆነው ብርቱካናማ ምልክት ያለባቸው፣ ገላቸው ሸካራ፣ ሲሄዱ ቁርጥ አዞ ናቸው። ብዙ ሰው ተባይ መስለውት ይጨፈልቃቸዋል። ክሽክሹን በብዛት የሚበሉት ግን እነሱ ናቸው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ አንዳንዱ ክሽክሽ አብጦና ደርቆ፣ ቡናማ ሆኖ አገኘሁት። ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ አለው። ከጉንዳን የምታንስ ተርብ እንቁላሏን ሆዱ ውስጥ ትጥላለች፤ ልጇ ከውስጥ በልታው ስታበቃ በዚያች ቀዳዳ ትወጣለች። ያን ካየሁ በኋላ ሐሳብ አልያዘኝም። የታመመውን ቅጠል ቆርጬ ጣልኩ፣ ከመሃል አዲስ ጎመን ወጣ።

ጉዳዩ የቀን ጉዳይ ነው። በላተኞቹ የሚመጡት የሚበላው ከበዛ በኋላ ነው። በዚያ መሃል ከተረጨ ሁለቱም ያልቃሉ፤ ቀድሞ የሚመለሰው ግን ክሽክሹ ነው፣ ምክንያቱም ሴቷ ያለ ወንድ ትወልዳለች። ሚጥሚጣ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሳሙና በጥብጦ መርጨትም የሚመከር ነው። ለኔ አይመቸኝም። ከጓዳ ስለወጣ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ ሳሙናው የጢንዚዛዋን ልጆችም ይገድላል። ከዚያ ይልቅ ድንብላልና እንስላል ዳር ዳሩን ዘርቼ እስኪያብቡ እተዋቸዋለሁ። ትንንሾቹ ተርቦች ከአበባቸው ይቀስማሉ፣ እዚያው ይቆያሉ።

ውሃ ሌላው ጣጣ ነው። በፈረቃ ስለሚመጣ ክረምት ላይ የቆርቆሮውን ጠፈጠፍ በሮቶ እይዛለሁ፤ ጭዱም አፈሩን ቶሎ ከመድረቅ ያድነዋል። የቀበና ወንዝ ቅርቤ ነው፤ ግን አንድ ባልዲ አልቀዳበትም። የሽንት ቤቱም የጋራዡም ፍሳሽ የሚገባበትን ውሃ አጠጥቶ «ኬሚካል አልነካሁም» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ረጅሙን ከላይ፣ አጭሩን ከሥሩ አድርጎ የመትከሉን ሐሳብ የወሰድኩት ከጌዴኦ ነው። እዚያ ትልልቅ ዛፍ፣ እንሰትና ቡና አንዱ በአንዱ ጥላ ሥር ይኖራሉ፤ ዩኔስኮም በ2023 እንደ ፈረንጆቹ የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። የኔው ኮክ ዛፍ፣ ኮባና ቆስጣ ነው። ኮባው ድፎ ዳቦ መጋገሪያ ይሆናል፣ የወደቀ ቅጠሉ ደግሞ ይጎዘጎዛል። ከጎኑ ባቄላ አለ። ሥሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ እብጠቶች በጥፍር ብትሰነጥቃቸው ውስጣቸው ቀላ ካለ ናይትሮጅን እየሠሩ ነው። ፍሬው ሲያልቅ ግንዱን ከአፈር ላይ እቆርጣለሁ፣ ሥሩን አልነቅልም።

እንዲህ ስል የጎጃሙን ገበሬ ዩሪያ ተው ማለቴ አይደለም። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ያንን በኮምፖስት ልተካ ያለ ሰው ስንት ጋሪ ፍግ እንደሚፈልግ እኔ በዚች ጓሮ አውቄዋለሁ።

ከአየሩ ጋርም አልታገልም። ከተማው 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ክረምቱ ደግሞ የቲማቲም ቅጠል ያጠቁራል። ያንን በመድኃኒት ከማባረር ወቅቱን መጠበቅ ይሻላል፤ ቲማቲም ከጥር በኋላ፣ ጎመንና ቆስጣ በክረምት። ሐምሌ ላይ ቲማቲም ካማረኝ ከጉሊት እገዛለሁ።