«አይዝግም» የተባለው ድስት

አዳማ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ያጠናሁት በቀለጠ እርሳስ ውስጥ የተነከረ ብረት ምን ያህል እንደሚቆይ ነበር። በውሃ የማይቀዘቅዙ የኑክሌር ማብላያዎችም አሉ፤ ሶቪየት ኅብረት አንዳንድ ሰርጓጅ መርከቦቿ ላይ ለማቀዝቀዣ የቀለጠ የእርሳስና ቢስሙት የተባለ ብረት ቅልቅል ተጠቅማለች። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ እስከ 1,749 ድረስ አይፈላም። ጥፋቱ ብረትን ማሟሟቱ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ በውስጡ የተቀላቀለውን ኒኬል ይመጥጣል። ይህን በቃሌ አውቀው ነበር። የሚያበሽቀኝም ይኸው ነው።

ናሙና መቁረጥ፣ ማለስለስና መመዘን ሁለት ቀን ፈጀ። እርሳስ ከጋራዥ አትግዙ፤ የአሮጌ ባትሪ እርሳስ አንቲሞኒ የተባለ ባዕድ ንጥረ ነገር አለበት።

ማቅለጫው ግን! የጠየቅሁት ከአሉሚና፣ ማለትም ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሸክላ፣ የተሠራ ነበር። ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ተባልሁ፤ አንድ ሻጭ እንኳ በማይገኝበት ከተማ። ከአራት ወር በኋላ ግዥ ክፍል ሲጠራኝ ጠረጴዛው ላይ የሚያብለጨልጭ የስቴንለስ ድስት ተቀምጧል።

«ይህ እኮ ራሱ ብረት ነው» አልኋቸው የግዥ ሠራተኛውን።

«ልጄ፣ ስቴንለስ አይዝግም። ሸክላው ቢሰበር ማን ይጠየቃል? ደግሞ የንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ ተቆርጦለታል።»

ደሜ ፈላ፤ ግን ፈርሜ ወሰድሁት። እሳቸው ኬሚስት አይደሉም፤ እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ።

ኦክስጅን እንዳይገባ እርሳሱን በከሰል ሸፍኜ በ550 ዲግሪ 500 ሰዓት አቆየሁት። ኒኬል ያለበት 316 የተባለው ስቴንለስ ናሙናዬ ክብደቱ አልቀነሰም ማለት ይቻላል። እናቴ ጋ ደወልሁ። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፍሁ።

ያነቃኝ ድስቱን ሲያጸዱ የነበሩት የወርክሾፑ ጋሼ ናቸው። «ና እስቲ፣ ይህን እይ» አሉኝ። ትንሿ ማግኔት ከድስቱ የውስጥ ግድግዳ ላይ ተጣብቃለች፤ እጀታው ላይ ስናስጠጋት ትወድቃለች። እንዲህ ዓይነቱ ኒኬል ያለበት ስቴንለስ በማግኔት አይሳብም፤ ኒኬሉ ሲሟጠጥ ግን የሚቀረው ቆዳ ይሳባል። እርሳሱ የድስቱን ኒኬል ጠግቦ ኖሯል። ስኳር የጠገበ ሻይ ተጨማሪ ስኳር እንደማያሟሟ ሁሉ ናሙናዬን ሳይነካው ቀረ። የለካሁት የብረቱን ጥንካሬ ሳይሆን የእርሳሱን ጥጋብ ነበር።

መመሪያው ናሙናውን በአሴቲክ አሲድ፣ በአልኮልና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አጥበህ መዝን ይላል። እጠቡት፣ መዝኑትም፤ ሚዛኑን ግን አትመኑት። ኒኬል በወጣበት ቀዳዳ እርሳስ ገብቶ ክብደቱን ይተካል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ቆርጬ ጠርዙን በማይክሮስኮፕ አያለሁ፤ አማካሪዬ እስካሁን አይስማሙም።

አሉሚናውን በመጨረሻ ከኪሴ ገዛሁ። ምረቃዬ አንድ ዓመት ዘገየ።

ክሊራንስ ስጨርስ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ «ድስቱስ?» አለኝ። አቀረብሁለት። በጣቱ አንኳኳው፣ አገላበጠው፣ ቅጹ ላይም «በጥሩ ይዞታ ላይ ያለ» ብሎ ጻፈ።