የዙኒን እንስራ ከመቀመጫው ማንበብ

ዙኒና አኮማ በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ያሉ ሁለት የነባር ሕዝብ መንደሮች ናቸው። የዙኒን እንስራ ከአኮማ እንስራ፣ ከሙዚየም ካታሎግ ፎቶ ብቻ፣ መግለጫውን ሳላነብ መለየት አሁን በአብዛኛው ይሳካልኛል። ይህ ደስ ስላለኝ፣ በዚሁ መንገድ ላይ ላላችሁ የሚጠቅመውን ላካፍል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻውን በአጭሩ። ዙኒዎች፣ በራሳቸው አጠራር አሺዊ፣ የኒው ሜክሲኮ ምዕራብ ነዋሪዎች ናቸው። የእንስራዎቻቸው ዘመን በሦስት ይከፈላል፦ ከ1700 ገደማ እስከ 1760 ገደማ አሺዊ ፖሊክሮም (ፖሊክሮም ማለት ባለ ብዙ ቀለም ነው)፣ እስከ 1850 ገደማ ኪያፕክዋ ፖሊክሮም፣ ከዚያ ወዲህ ዙኒ ፖሊክሮም። ስሞቹን ያዙና እለፉ፤ ዓይን የሚሠለጥነው በስም አይደለም። ዓይን ለማሠልጠን በ1879 ጄምስ ስቲቨንሰን፣ ማቲልዳ ኮክስ ስቲቨንሰንና ፍራንክ ሃሚልተን ኩሺንግ የነበሩበት ቡድን ለአሜሪካው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም በሰበሰበው ጀምሩ። ያ ጉዞና ተከታዮቹ ያመጡት ዕቃ በሺዎች ይቆጠራል። በ1879 የተመዘገበ እንስራ ከዚያ በኋላ ሊሠራ አይችልምና ለዘመን አጣሪ ጥሩ ችካል ነው። ብቻ «ዙኒ የተገኘ» እና «ዙኒ የተሠራ» አንድ አይደሉም። ፑዌብሎ የሚባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝቦች መንደሮች ሸክላ ይለዋወጡ ስለነበር የአኮማ እንስራ ዙኒ ቤት ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ይኸው የዙኒና የአኮማ ጉዳይ ነው። ሁለቱም ነጭ አፈር ይቀባሉ፣ በጥቁርና በቀይ ይሥላሉ፣ በጭቃው ውስጥም የተፈጨ ገል ይጨምራሉ። ስለዚህ የስባሪውን ጠርዝ በማጉያ ማየት፣ ሌላ ቦታ የሚሠራ ቢሆንም፣ እነዚህን ሁለቱን አይለይም። እኔ መጀመሪያ የማየው መቀመጫውን ነው።

ፎቶ ከታች ካልተነሣ ለስብስብ ክፍሉ የዕቃውን ቁጥር ጠቅሳችሁ ጠይቁ። ፎቶው ሲመጣ ከሆዱ በታች ያለውን ቅብ ተመልከቱ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የተሠራ የዙኒ እንስራ ከሥሩ ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ጥቁር ነው፤ የአኮማው ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀይ፣ የጡብ መልክ ያለው ነው። ወጥመዱ ያለው ከዚህ በፊት በነበረው ዘመን ላይ ነው፤ የኪያፕክዋ እንስራ ሥሩ ቀይ ነው። ስለዚህ «ቀይ ሥር፣ እንግዲያው አኮማ» የሚለው ፍርድ የሚሠራው ከ1850 ወዲህ ላለ ዕቃ ብቻ ነው። ቀይ ሥር ሲገጥማችሁ ወደ ግድግዳው ውፍረት ተሻገሩ። የአኮማ ሸክላ በስስነቱ የታወቀ ነው፤ ከአፉ ጠርዝ ጎን የተነሣ ፎቶ ካለ ልዩነቱ ይታያል። ክብደት የተጻፈበት መዝገብ ካገኛችሁ ደግሞ ተመሳሳይ ቁመት ያላቸውን አስተያዩ።

የመቀመጫው ስርጉድ ግን መንደር አይለይም። ሴቶች እንስራውን በጭንቅላታቸው ላይ ይሸከሙት ስለነበር ሁለቱም መንደሮች ሥሩን ወደ ውስጥ ያስገቡታል። ስርጉዱ የሚናገረው ስለ አገልግሎት ነው፦ በዙሪያው ቅቡ ቀለበት ሠርቶ ከተፋቀ ዕቃው ወለል ላይ ብዙ ተቀምጧል፣ ውሃ ተቀድቶበታል፤ ቅቡ ሙሉ ከሆነ እምብዛም ሳይሠራበት የተሸጠ ሊሆን ይችላል። በታችኛው ሆድ ላይ ነጩ ቅብ በቅርፊት የሚነሣውን ደግሞ በመጥፎ አሠራር አታመካኙ። ሸክላው ውስጥ የሰረገ ጨው አየሩ ሲረጥብና ሲደርቅ እየጠጠረ ቅቡን ከውስጥ ይገፈትረዋል። ጥቁር የጭስ ነጠብጣብም ቀለም አይደለም፤ ሸክላው በበግ በጠጥ ሲተኮስ ነዳጁ የነካው ቦታ ነው።

ሥዕሉ ላይ የምመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አጋዘኑን አይቶ «ዙኒ» የሚል ሰው ይበዛል። ከአፉ እስከ ልቡ ቀይ መስመር ያለው፣ ኋላው ላይ ነጭ ምልክት የተተወለት አጋዘን በእርግጥ የዙኒ መለያ ነው፤ ነገር ግን ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የአኮማዋ ሉሲ ሉዊስ ይህንኑ አጋዘን በራሷ ሥራ ላይ አስገብታ ታዋቂ አድርጋዋለች። አቀማመጡን እመኑ፦ አንገትና ሆድ በመስመር ተለይተው፣ ሆዱ ላይ ትልልቅ የሱፍ አበባ መሳይ ክቦች ከአጋዘን ጋር ሲፈራረቁ። ያን ከፋፋይ መስመር ዙሪያውን ተከተሉት፤ በዙኒ ዕቃ ላይ ሆን ተብሎ ሳይገጠም የተተወ ክፍተት ታገኛላችሁ። ለዚህ ግን ከአራት ጎን የተነሣ ፎቶ ያስፈልጋል። «የምልክቶች መዝገበ ቃላት» የሚባሉትን ዝርዝሮች ለጀማሪ አልመክርም፤ ሥዕሉን ከዕቃው ነጥለው እንድናየው ያስለምዱናል።

ከንፈራቸው እንደ ደረጃ የተቆረጠ፣ እንቁራሪት፣ እጭና የውሃ ተርብ የተሣለባቸው ጎድጓዳ ሳህኖች ሌላ ጉዳይ ናቸው። የጸሎት በቆሎ ዱቄት ይያዝባቸዋል፤ በኋላ ለገበያ የተሠሩም አሉ። ከጃንዋሪ 12 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ ደንብ ሙዚየሞች እንዲህ ያለውን የሃይማኖት ዕቃ ከማሳየታቸው ወይም ከማስጠናታቸው በፊት የባለቤቱን ሕዝብ ፈቃድ እንዲያገኙ ያስገድዳል። ስለዚህ መዝገቡ ኖሮ ፎቶው ከጠፋ የቆየ ኅትመት ውስጥ ገብታችሁ አትፈልጉት። የብሪቲሽ ሙዚየም ታቦታት ለእይታ እንዳይቀርቡ የምንጠይቅ ሰዎች ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻንም።

አሃዩዳ የሚባሉት የተቀደሱ የእንጨት ቅርጾች ጨርሶ ከጥናት ዝርዝራችሁ ይውጡ። የአጋዘንና የድብ ጎሳዎች በክረምቱ የፀሐይ መመለሻ ወቅት ይቀርጿቸዋል፤ ከዚያ ሜዳ ላይ ባለ መቅደስ ተቀምጠው ከነፋስና ከዝናብ ጋር ወደ አፈር መመለስ አለባቸው። የሕዝቡ የጋራ ንብረት በመሆናቸው ማንም ግለሰብ ሊሸጣቸው አይችልም፤ ሙዚየም ውስጥ ያለ ሁሉ ያለ ፈቃድ የወጣ ነው። ከመበስበስ መጠበቃቸው ራሱ ጉዳት ነው። የዙኒ መሪዎች ቅርጾቹ ይመለሱልን የሚለውን ጥያቄ በ1978 በይፋ አነሱ፤ የዴንቨር የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1980፣ ስሚዝሶኒያን በ1987 የያዟቸውን መለሱላቸው። ቅጂ መሥራትም መፍትሔ አይደለም። ዙኒዎች ዕውቀቱ ራሱ የእነሱ ነው ይላሉ፣ ቅጂንም እንደ ዋናው ይቆጥራሉ። ሸክላ የምትሞክሩ ሰዎች የእንስራውን ጭቃና አተኳኮስ ተማሩ፤ የሥርዓት ዕቃ አትቅዱ።

መዝገብ ስትይዙ የዕቃውን ቁጥር፣ ሰብሳቢውን፣ የተመዘገበበትን ዓመት፣ የሥሩን ቀለም፣ የመፋቁን መጠንና የመስመሩን ክፍተት በየዓምዱ አስገቡ፤ የራሳችሁን ግምት በመጨረሻው ዓምድ ጻፉ፣ የካታሎጉን መግለጫ ከዚያ በኋላ ክፈቱ። ዙኒ ያለው፣ በ1992 የተመሠረተው የአሺዊ አዋን ሙዚየም ባለሙያዎች ያረሙት መግለጫ ካገኛችሁ ያንን አስቀድሙ። በአካል የስብስብ ክፍል ከገባችሁ የናይትሪል ጓንት አድርጉ፤ በተለይ እንጨት፣ ላባና ቆዳ ያለበት የቆየ ዕቃ ነፍሳት እንዳይበሉት በአርሰኒክ ወይም በሜርኩሪ የታከመ ሊሆን ስለሚችል ምርመራ መደረጉን ጠይቃችሁ ብቻ ቅረቡ።