ፋኑ ይዞራል፣ ሞተሩ ይፈላል

በሚያዝያ ቀትር ድሬ ላይ አሮጌ ዲኤክስ የሚነዳ ሰው ዓይኑ ከመንገዱ ይልቅ የሙቀት መርፌው ላይ ነው። የኔዋ ወደ ሳቢያን ስትነዳ ደህና ናት፤ ቀፊራ ገበያ ባጃጅ መሐል ስትቆም ግን መርፌው ሽቅብ ይላል። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን የሚዞረው በሞተሩ ጉልበት ስለሆነ፣ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሲሠራ እሱም ያንቀላፋል። ስለዚህ ከቪትዝ የወጣ ያገለገለ የኤሌትሪክ ፋን ገዝቼ ራሴ ልገጥም ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ሥራዬ ያሳፍራል። ከባትሪው በቀጭን የስፒከር ሽቦ ወደ ዳሽቦርድ፣ ከዚያ በአንዲት ማብሪያ ወደ ፋኑ። ዞረ! ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁ። በሦስተኛው ቀን ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሽቦውን ስነካው ልባሱ ቀልጦ ጣቴ ላይ ቀረ። ፊውዝ የሚባል ነገር አላስገባሁም ነበር።

ከዚራ ያሉ አንድ ሽማግሌ ኤሌትሪሺያን ኮፈኑን ከፍተው አዩና፣ «አቦ፣ መኪናዋን ልታነዳት ነው ወይስ ልታነዳት?» አሉኝ። እሳት ማለታቸው ነው።

«ጋሼ፣ ፋኑ እኮ ይዞራል» አልኳቸው።

መልስ አልሰጡም። ከደብተሬ ላይ አንድ ቅጠል ቀደው ራዲያተሩ ፊት ያዙት። ወረቀቱ መለጠፍ ሲገባው በርሮ ሄደ። ለካ ፋኑ የዞረው በተቃራኒው ነው! ያ ሁሉ ጎረቤት ያጨበጨበልኝ አየሩን ወደ ፊት ለሚነፋ ፋን ኖሯል። ሁለቱን ሽቦ አቀያየርን፣ ወረቀቱ ልጥፍ አለ።

ከዚያ ሪሌ ገባ፤ በትንሽ ኤሌትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ነው። 30 ቁጥር እግሩ በ30 አምፔር ፊውዝ አልፎ ከባትሪ፤ 87 ወደ ፋኑ፤ 86 ቁልፍ ሲከፈት ኤሌትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ፤ 85 ደግሞ ራዲያተሩ ላይ ወዳለው የሙቀት ስዊች። ስዊቹ 92 ዲግሪ ላይ ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመልሰውን መስመር) ይሰጣል፣ 87 ዲግሪ ላይ ይለቃል። ወፍራሙ ሽቦ 4 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ፊውዙ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር እንዳይርቅ፤ ከፊውዙ በፊት ያለውን ሽቦ የሚጠብቀው የለምና።

ይህም ሆኖ ፋኑ ደከም ይል ነበር። በቴስተር ስለካ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት፣ ፋኑ ላይ 11። የፋኑን ማሳ ያሰርኩት ቀለም በተቀባ ቆርቆሮ ላይ ነው! በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፍቄ መልሼ ሳስር 13.4 ገባ። ከሁሉም ይልቅ ልዩነት ያመጣው ይቺ የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት፤ ከሪሌው በፊት ማሳውን እዩ።

የድሮውን ፋን የምታወጡ ክንፉን ብቻ አውጡ። ቺንጋው ይቆይ፤ የውሃ ፓምፑንና ዲናሞውን የሚያዞረው እሱ ነው።

አሁን ቀፊራ ላይ መርፌው መሐል ላይ ይቆማል። የቀረኝ ማታ ነው፤ ቆሜ ፋኑ ሲነሳ የፊት መብራቱ ድክም ይላል። ዲናሞው አርጅቷል፤ እስክቀይረው ድረስ ሬዲዮውን እያጠፋሁ እነዳለሁ።